እስከ መጨረሻው የጠራው ስልክ

በዚህች ምድር ላይ የምፈራቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ውሻ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የታላቅ ወንድሜ ቁጣና እስከ መጨረሻው የሚጠራ ስልክ። ሦስቱን ከዕድሜ ጋር ለምጃቸዋለሁ። አራተኛው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ታክሲ ውስጥ የማላውቀው ሰው ስልክ ጠርቶ ዝም ሲል፣ መቀመጫዬ ላይ ቁጭ ብድግ እላለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ "ወንድሜ፣ አንሳው አለዚያ እኔ ላነሳው ነው" ብዬው፣ ሰውየው ከልደታ ፌርማታ በፊት ወርዶ ሄዷል። ልጄ ስልኳን ሳታነሳ ስትቀር ደግሞ ከመቶ ጊዜ በላይ እደውላለሁ። "አባዬ፣ ሳይለንት ላይ ነበር እኮ!" ትለኛለች። ሳይለንት የሚባለውን ነገር የፈጠረውን ሰው ባገኘው የምለውን አውቃለሁ።

ፍርሃቱ የቆየ ነው። ደርግ በወደቀ ሰሞን በኛ መንደር ስልክ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ያለው ሱቅ። ያ ስልክ ለመርዶ እንጂ ለሌላ ነገር ሲደወልበት አላስታውስም። ባለሱቁ ብቅ ብሎ "ስልክ፣ ለናንተ ነው!" ካለ፣ እናቴ መንገዱን ሳትሻገር ማልቀስ ትጀምራለች። ማን እንደሞተ የምትጠይቀው ኋላ ነው። አንድ ጊዜ አክስቴ ከወሎ ለሠርግ ልትጠራን ደውላ፣ እናቴ አንዴ የጀመረችውን ለቅሶ ማቆም አቅቷት፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንባውን እየጠረገ እንኳን ደስ ያላችሁ ሲል ዋለ። ትንሽ ጨምሬ ሊሆን ይችላል። ብዙ ግን አልጨመርኩም።

ከዚያ ሞባይል መጣ፤ ሲመጣም ከነመዝገበ ቃላቱ መጣ። ሲም ካርድ፣ ኔትወርክ፣ ቻርጅ፣ ቢዚ። በግቢያችን ቀድሜ ስልክ የያዝኩ እኔ ስለነበርኩ የቃላቱ አስተርጓሚም እኔው ሆንኩ። ከጎናችን የሚኖሩት እትዬ፣ አንድ ቀን ልብስ ሲያሰጡ ጠሩኝ።

"አንተ ቀላማጅ፣ ይሄ ኔትወርክ ኔትወርክ የምትሉት ምንድን ነው?"

"እትዬ፣ ከላይ የሚወርድ ነገር ነው። ለአንዳንዱ ሰው ይወርዳል፣ ለአንዳንዱ አይወርድም።"

"እንደ ጸጋ?"

"እንዴታ! ኃጢአት ያለበት ሰው ግድግዳ አጠገብ ከቆመ ጨርሶ አይዘውም።"

ከዚያ በኋላ እትዬ የልጃቸው ስልክ አልሠራ ሲል ስልኩን ሳይሆን ልጃቸውን መቆጣት ጀመሩ።

ከሁሉም ቀድሞ አማርኛ የሆነው ቃል ግን ሚስኮል ነው። ካርድ ውድ ነበር፤ ያልተነሳ ጥሪ ደግሞ በነጻ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ አስጠርቶ መዝጋትን ቋንቋ አደረገው። የቋንቋው አንደኛ ሕግ፣ አለማንሳት ነው። ሚስኮል ያደረገልህን ሰው ስልክ ማንሳት ኪሱ ውስጥ እጅህን እንደመክተት ይቆጠራል። በስህተት አንስተው የተኳረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

እና ደግሞ ሚስኮል እንደ እጅ ጽሕፈት ነው፤ የማን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ወንድሜ መዝጋት ስለሚዘገይ የሱ ሚስኮል ጅራት አለው። የባለቤቴ ግን በጥርስ እንደተበጠሰ ክር ነው፤ ቅጭም ብሎ ያልቃል።

የመጀመሪያ ልጃችንን ያረገዘች ጊዜ፣ ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ ወሎ፣ ከደሴ ወጣ ብላ ወዳለች መንደር። እናቷ ራሳቸው መጥተው ነው የወሰዷት። መናኸሪያው ውስጥ፣ ሻንጣዋ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እየተጫነ፣ እኔ ሕግ አወጣሁ።

"አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ ደውልልኝ።"

"ሦስቴስ?" አለች።

"ሦስቴማ ናፍቀኸኛል ነው።"

"ወግድ! እናቴ ፊት ሦስቴ አስጠርቼ ምን ልባል ነው? እሱን እንዳትጠብቅ።"

"እሺ፣ ምጡ ሲመጣስ ስንት እናድርገው?"

ፊቷ ተለወጠ። "በል ዝም በል። እኔ በሚስኮል አልወልድም።"

አማቴ ሰምተው ኖሮ ዞር አሉ። "ያልመጣ ነገር ለምን ትጠራለህ ልጄ? ዱዓ አድርግ እንጂ ቁጥር አታውጣ።"

አፈርኩና ተውኩት። ለምጥ ምልክት ሳናበጅለት አውቶቡሱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አንድ ጊዜ ይጠራና ቅጭም ይላል። በእናቷ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው ጓሮ፣ ቁልቋሉ ሥር ብቻ ነበር። እዚያ ድረስ ሆዷን ይዛ ስትሄድ፣ አስጠርታ ስትዘጋ፣ ከዚያ ወደ ቤት ስትመለስ ይታየኛል። ስልኩ ቻርጅ ሲጨርስ ወደ ከተማ ይላካል፤ ያን ቀን ድምፅ የለም። እንዲህ እያለ ሰነበተ።

አንድ ጠዋት ስልኬ ዝም አለች። ቻርጅ ነው አልኩ። አብነት ወዳለችው የእንጨት ሥራ ቤታችን ሄጄ ከወንድሜ ጋር ሥራ ጀመርን። ለሰው የምናደርሰው ቁም ሳጥን ነበር። ከምሳ በኋላ ባንኮው ላይ ሰጋቱራ ውስጥ የተቀበረችው ስልኬ ጠራች። የባለቤቴ ቁጥር ነው።

"ደህና ነች" አልኩ መላጊያዬን ሳልለቅ። ሁለተኛ ጠራች። "የለም፣ ደውልልኝ እያለች ነው።" ሦስተኛ ጠራች።

ወንድሜ የቁም ሳጥኑን በር እንደተሸከመ ሳቀ። ሕጉን ነግሬዋለሁ። "ናፍቀሃታላ! ያንተን ፊት የሚናፍቅ ሰው አላህ ሰጠህ!"

አራተኛ ጠራች። እጄ ወደ ስልኩ ሄደ።

"እንዳታነሳ!" አለ ወንድሜ። "የነፍሰ ጡር ካርድ ልትበላ ነው? መዝጋት ዘንግታ ነው፤ ተወው፣ ትዘጋዋለች።"

እጄ ስልኩ ላይ አንዣብቦ ቆመ። ስልኬ ግን አላቆመችም። ሰጋቱራው ውስጥ እየተንቀጠቀጠች፣ እየተሽከረከረች፣ ወደ ባንኮው ጫፍ እየተሳበች ጠራች። በኔ ግምት አንድ ዓመት ያህል ጠራች። ከዚያ ማንም ሳይዘጋት፣ ራሷ ደክሟት ዝም አለች።

"ይሄ የሷ እጅ አይደለም" አልኩ።

"ምን?"

"ጋሼ፣ ይሄ የሷ እጅ አይደለም። የደወለው ሌላ ሰው ነው።"

ወንድሜ በሩን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። አልሳቀም። እሱ ሳይስቅ ሲቀር ነው መላጊያዬን የለቀቅኩት።

መልሼ ደወልኩ። ተይዟል። እንደገና ደወልኩ። ተይዟል።

"ቢዚ ነው" አልኩት።

"ከማን ጋር ነው የሚያወሩት ታዲያ?"

ይህን ባይጠይቀኝ ኖሮ ደግ ነበር። ከማን ጋር ሊያወሩ ይችላሉ? እኛ አገር ክፉ ነገር ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም። መጀመሪያ ለታላቅ ይነገራል፤ ታላቅየው ጎረቤት ይሰበስባል፤ ከዚያ በማለዳ ተሰልፈው መጥተው በር ላይ ይቆማሉ። ሚስቴ አንድ ነገር ከሆነች እኔ ጋ ደግመው አይደውሉም። የሚደውሉት ወንድሜ ጋ ነው። ዓይኔ የወንድሜ ደረት ኪስ ላይ ተተከለ። ስልኩ ከእርሳሱ ጎን ብቅ ብሏል።

"ጋሼ፣ ስልክህን ዝጋልኝ።"

"ለምን?"

"ዝጋው በአላህ! ካልሰማህ አትነግረኝም።"

ትንሽ አየኝና ገባው። ምንም ሳይለኝ አውጥቶ ዘጋው። ኋላ ሳስበው፣ በአንድ ከሰዓት ሁለት ሰዎች ተመካክረው ከዚህ የባሰ ሞኝነት መሥራት አይችሉም። በዚያ ሰዓት ግን ሞትን በር ላይ ያስቆምነው ነበር የሚመስለኝ።

እኔ መደወሌን ቀጠልኩ። አሁን መያዙም ቀረና ያቺ ሴትዮ መጣች፤ በማሽን የምትናገረው። የደወሉላቸው ደንበኛ ስልካቸውን ዘግተዋል፣ ወይም ከአገልግሎት መስጫ ክልል ውጪ ናቸው አለችኝ። ረጋ ብላ፣ ጠራ አድርጋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ደግሜ ደወልኩ፤ ያችው ናት። በሕይወቴ እንደዚያች ሴትዮ የጠላሁት ሰው የለም። "እባክሽ" ብዬ የለመንኳት ይመስለኛል።

ሥራ ቤቱን ዘግተን በእግር ወደ ቤት ወጣን። ታክሲ ለመጠበቅ መቆም አልቻልኩም። ግቢ ስንገባ እትዬ ፊታችንን አይተው ብድግ አሉ። የሴትየዋን ቃል ነገርኳቸው።

"ከክልል ውጪ ነች አለችህ?"

"አዎ እትዬ።"

"ውይ ልደታዬ! አፋር ምን ልትሠራ ገባች?"

በሌላ ቀን ቢሆን በዚህች ወሬ አብነትን፣ ጠመንጃ ያዥንና ተክለ ሃይማኖትን እዞርባት ነበር። ያን ቀን ግን አፋር በረሃ ላይ ምጥ የያዛት ሚስቴ ታየችኝና የውሃ በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሀል ከበሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ጎረቤታችን ከሥራ ገባች። ስልክ ድርጅት ውስጥ የደንበኞች ቅሬታ ተቀባይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮህባት ስለሚውል ቤቷ ስትገባ ማንም እንዳያናግራት የሚለምን ፊት አላት። እኔን ስታይ ግን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች።

"ቀስ ብለህ ንገረኝ። መጀመሪያ ምን ሆነ?"

"ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።"

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው።"

"እንደሱ ከሆነ ሚስኮል አይደለም። ሚስኮል ሰው አውቆ የሚያቋርጠው ነው። ይሄ እንድታነሳ የፈለገ ሰው ነው። ለምን አላነሳህም?"

ወንድሜ ወደ ጫማው አየ። እኔም ወደሱ ጫማ አየሁ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ተይዟል አለኝ። ሌላ ሰው ጋ እየደወሉ ነው።"

"ወይም አንተው ጋ። አንተ ስትደውልላቸው እነሱም ላንተ ሲደውሉ ትጋጫላችሁ፤ ለሁለታችሁም ቢዚ ይላል።"

"እሺ፣ ሴትየዋስ? ዘግተዋል ወይም ከክልል ውጪ ናቸው ትላለች። የቱ ነው?"

"አታውቅም።"

"እንዴት አታውቅም? እሷ አይደለች የምትለው!"

"ስማኝ፣ ማሽኑ ስልኩን ፈልጎ አጣው፤ ያለው ነገር ይሄው ነው። ባትሪው አልቆ ይሁን፣ ተዘግቶ ይሁን፣ ኔትወርክ የሌለበት መንገድ ላይ ይሁን አያውቅም። ስለማያውቅ ነው 'ወይም' የሚለው። ስለ ሰውየው ምንም እየነገረህ አይደለም።"

እኔን ሲገድለኝ የዋለው ያ 'ወይም' ነበር። አሁን ስረዳው ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ባሰብኝ። ቢያንስ ሴትየዋ የምታውቀው ነገር አለ ብዬ ስለምናት ውዬ ነበርና።

"አሁን መደወል አቁም" አለችኝ። "መስመሩን ነጻ አድርግላቸው።" ወደ ወንድሜ ዞረች። "የእርስዎም ክፍት ነው አይደል ጋሼ?"

ወንድሜ በአገጩ እኔን አመለከተ። "እሱ አስዘጋኝ።"

"አስዘጋኝ? ለምን?"

"እንዳይነግሩት።"

ቅሬታ ተቀባይዋ ዓይኗን ጨፈነች። ቢሮዋ ውስጥ እንደኛ ያለ ደንበኛ ገጥሟት እንደማያውቅ እምላለሁ። "ይክፈቱት" አለች።

"አይከፈትም!" አልኩ።

"አንተ! የሚደውል ሰው ሁሉ ሊያረዳህ ነው የሚደውለው ያለህ ማነው? ርዳታ ፈልገው ቢሆንስ?"

ወንድሜ ከፈተው። ያቺ ሲከፈት የምታሰማው የሠርግ የመሰለች ሙዚቃ ግቢውን ሞላችው። ሁለቱን ስልኮች በርሜሉ ክዳን ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፤ በግቢያችን ኔትወርክ ደህና የሚይዘው እዚያ ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምጸልየው። የኔ ትጥራ። የሱ አይጥራ። እትዬ አጠገቤ ቆመው በሳቸው መንገድ ይጸልያሉ። ጎረቤት ሬዲዮ የከፈተ ነበር፤ እሱም ዘጋ።

የወንድሜ ስልክ ጠራ።

የባለቤቴ ቁጥር ነበር። ወንድሜ አየውና አመድ መሰለ። እጁን ዘረጋ፤ መለሰው። ለስንት ዓመት "እንዳታነሳ" ሲባልበት የኖረ ግቢ ሙሉ ሰው "አንሳ! አንሳ!" ብሎ ጮኸ። እሱ ግን አልቻለም። ስልኩን አንስቶ እንደሚያቃጥል ነገር ለኔ ወረወረልኝ። ቁልፉን ተጫንኩ። ወደ ጆሮዬ ሳላደርሰው ጮኸ።

"ሃሎ! ሃሎ! አዲስ አበባ ሰው አልቋል?" የአማቴ ድምፅ ነው።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

"አንተ ነህ? ስልክ የያዝከው ለጌጥ ነው? አንተ አታነሳ፣ ወንድምህ ዘግቶ!"

"እማዬ፣ እሷ..."

"ምጡ ከሌሊት ጀምሮ አልገፋ አላት። ሐኪም ቤት ትወሰድ ቢሉኝ፣ ባሏ ሳይሰማ ልጄን እንዴት ለቢላ እሰጣለሁ ብዬ ቁልቋሉ ሥር ቆሜ ስደውል፣ ስደውል... ጠፋህ። እኔው ወሰንኩ። ደሴ አምጥተናታል። አሁን ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታለች።"

"ትድናለች እማዬ?"

"ያ ረቢ፣ እሱን እኔ ምን አውቄ..."

ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ ያቺ ሴትዮ መጣች። ዘግተዋል፣ ወይም። ቅሬታ ተቀባይዋ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ "ባትሪያቸው ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ሲደውሉ ነው የዋሉት" አለችኝ። ለኔ ሲደውሉ መሆኑን ሳትጨምር ተወችው።

የዚያን ቀን ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና አልነበረም። ሌሊቱን አልጽፈውም። ሲነጋ ሻንጣዬ በር ላይ ነበር፤ ወንድሜ መናኸሪያ ሊያደርሰኝ ቆሟል፤ እትዬ ዳቦ እየጠቀለሉልኝ ነው። ስልኬን በእጄ እንደያዝኳት ነበር። ማንም ይደውል ማን፣ በመጀመሪያው ድምፅ ላነሳ ምያለሁ።

ጠራች። አንዴ። ጣቴ ሳይደርስ ተቋረጠች።

"ምን አሉ?" አሉ እትዬ።

"ደህና ነኝ አለች።"

"ማን?"

"እሷ! እሷ ራሷ ናት፣ ደህና ነኝ አለችኝ!" ጩኸቴ ግቢውን ቀሰቀሰ። ለሥራ የምትወጣው ቅሬታ ተቀባይ ጎረቤታችን ግን በር ላይ ቆማ፣ ባትናገር እየወደደች፣ ተናገረች። "ራሱም ሊቋረጥ ይችላል እኮ። እናትየው ደውለው ኔትወርክ ቢጠፋም እንዲሁ ነው የሚሰማህ። ከዚህ ሆነን ሁለቱን መለየት አንችልም።"

ደስታዬ ከነሙሉ ቁመቱ ወደቀ። እውነቷን ነው። ተረጋግታ ያስረዳችኝ ቃል ሁሉ እውነት ነው። ልደውል ብዬ እጄ ተነሳ፤ እንዳንጋጭ ፈርቼ መለስኩት። እዚያው በር ላይ፣ ዳቦው በላስቲክ እንደተንጠለጠለ፣ ስልኬን እያየሁ ቆምኩ።

ጠራች።

"አንሳ!" አለ ወንድሜ።

ሁለተኛ ጠራች።

"አንሳው እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!" አሉ እትዬ።

ሦስተኛ ጠራች፤ እና በጥርስ እንደተበጠሰ ክር፣ ቅጭም አለች።

አራተኛውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

"እናቷ ፊት" አልኩ። "እናቷ ፊት ነው እኮ!"

ሦስቴ ምን ማለት እንደሆነ ወንድሜ ያውቃል፤ የእናቷ ነገር ግን ለማናቸውም አልገባቸውም።